አርተር ሞተ፤ ሕጉስ? (ስለ «መርሊን» ድራማ የመጨረሻ ክፍል)

በዚህች አጭር ጽሑፍ ላነሳ የፈለግኩት «መርሊን» ስለተባለው የእንግሊዝ ተከታታይ ድራማ የመጨረሻ ክፍል ነው። ድራማው በቢቢሲ ዋን ከ2008 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. በአምስት ሲዝን፣ በድምሩ በ65 ክፍል ቀርቧል። እኔ ግን ያየሁት በጣም ዘግይቼ፣ ቡታጅራ ቤተሰብ ጋ ክረምቱን ሳሳልፍ፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር በፍላሽ አስጭነን ነው። መብራት ሲጠፋ እያቆምን፣ ሲመጣ እየቀጠልን 64ቱን ክፍል ጨረስን። 65ኛው ሲያልቅ ወንድሜ ላፕቶፑን ዘጋና «በቃ? ይኸው ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ላላያችሁት ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። የካሜሎት ንጉሥ ኡተር አስማትን በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። መርሊን የሚባል የገጠር ልጅ ደግሞ አስማት አብሮት ተወልዷል። ይህ ልጅ የንጉሡ ልጅ የአርተር አሽከር ይሆናል፤ ማንነቱን ደብቆ ጫማውን እየጠረገ፣ ጌታውን ከስንት ሞት ያተርፈዋል። አርተር ራሱ ከነገሠ በኋላም ሕጉ አልተነሣም። ስለዚህ ተመልካቹ አምስት ሲዝን ሙሉ የሚጠብቀው ሁለት ነገር ነው፤ አርተር እውነቱን መቼ ያውቃል? ካወቀስ በኋላ ምን ያደርጋል?

የመጀመሪያው ተሰጥቶናል፤ እውነት ለመናገርም ያምራል። አርተር በካምላን ጦርነት በሞርድሬድ ሰይፍ ቆስሎ ጫካ ውስጥ ተኝቶ ሳለ መርሊን እያለቀሰ ይናዘዝለታል። አርተር መጀመሪያ ይርቀዋል፣ ይቆጣል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ይለዝባል። በመጨረሻም ያመሰግነዋል። እኔ እዚህ ጋ ወንድሜ እንዳያየኝ ፊቴን አዙሬያለሁ።

ሁለተኛው ግን አልመጣም። እውነቱን ያወቀው ንጉሥ የቀረው ዕድሜ ጥቂት ቀን ብቻ ስለሆነ በእውቀቱ ምንም ሊያደርግበት አይችልም። ሚስቱ ግዌን ትነግሣለች፣ አዳራሹ «ንግሥቲቱ ለዘላለም ትኑር» ይላል። ሕጉስ? ዝም። ቀጥሎ የምናየው በዘመናችን አስፋልት ዳር የሚሄድ ሽማግሌ መርሊንን ነው፤ አንድ የጭነት መኪና አጠገቡ እልም ብሎ ያልፋል፣ አለቀ።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ጥንታዊውን ታሪክ አበላሹት» ይላሉ። በዚህ አልስማማም። ይህ አፈ ታሪክ ከጥንትም ሲለዋወጥ የኖረ ነው። የሞንማውዙ ጄፍሪ በ1136 እ.ኤ.አ. ገደማ በላቲን ጻፈው፣ ፈረንሳዮች ጨመሩበት፣ የቶማስ ማሎሪን ደግሞ ካክስተን በ1485 አሳተመው። ማሎሪ ዘንድ መርሊን በአርተር ሞት ጊዜ ጭራሽ የለም፤ የወደዳት ሴት ገና በጊዜ ከቋጥኝ በታች ቀብራዋለች። ሰይፉን ወደ ውኃ የሚጥለውም ቤዲቬር የሚባል ባላባት ነው፤ ያውም ሁለት ጊዜ ደብቆ ዋሽቶ በሦስተኛው። መርሊንን እሞቱ አጠገብ ማስቀመጥ የድራማው ፈጠራ ሲሆን ከክፍሉ ሁሉ የተሻለውም እሱ ነው። (የካሜሎት ቤተ መንግሥት ሆኖ የሚታየው የፈረንሳዩ ፒየርፎን ግንብም ቢሆን አብዛኛው በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንደገና የተሠራ ነው። ማን ያውቃል ሲታይ?)

ለውጡ የጎዳው ሞርጋናን ነው። ማሎሪ ዘንድ ሞርጋን ለአርተር ጠላት ሆና ትኖርና በመጨረሻ በጀልባ መጥተው ከሚወስዱት ንግሥቶች አንዷ ትሆናለች። ጠላት የነበረችው እህት ቁስለኛውን ትቀበለዋለች ማለት ነው! ድራማው ውስጥ ግን በራሷ አስማት ፈርታ ሌሊት የምትባንን ልጅ እንዴት ጨካኝ እንደሆነች ለዓመታት ካሳየን በኋላ፣ መርሊን በሰይፍ ወግቶ በአንዲት አጭር ትዕይንት ይገላግለናል። ሕጉ ያበላሻት እሷን ነበር እኮ።

መጠበቁስ አላስከፋኝም። የሚመጣ ንጉሥ መጠበቅ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ፍካሬ ኢየሱስ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይመጣል ስለሚል ነው ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ያንን ስም የመረጡት። አፈ ታሪክ ጥያቄውን ለሚመጣው ትውልድ ትቶ ቢያልቅ መብቱ ነው። ይህ ድራማ ግን ከመጀመሪያው ክፍል የሞት ቅጣት አሳይቶ «ይህ ሕግ ፍትሐዊ ነው ወይ?» ብሎ የጠየቀው ራሱ ነው። የጠየቀውን ሳይመልስ ወደ አፈ ታሪኩ ጥላ ሥር ገብቶ ተደበቀ።

ይህን ሁሉ የምለው ያለ ነገር አይደለም። እዚህ ወልቂጤ ለድራማ ክበባችን ስለ የቃቄ ውርድወት አጭር ተውኔት እየጻፍኩ ነው። ውርድወት የመካከለኛው ዘመን ሰው አይደለችም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረች፣ በሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ሸንጎ ፊት ቀርባ ስለ ሴቶች የጋብቻ መብት የተሟገተች ሴት ናት። መጨረሻውን እንዲህ አድርጌው ነበር፦ ውርድወት ተነሥታ ትናገራለች፣ ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ፣ መብራት ይጠፋል። ቆንጆ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ቡታጅራ ስሄድ ረቂቁን ለወንድሜ ሰጠሁት። አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን አጠፈና «አንተም ያው ነህ። ሸንጎው ምን አለ?» አለኝ።

የመጨረሻዋን ገጽ ቀድጃታለሁ። ልምምዱ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ነው፤ ሽማግሌዎቹን የሚጫወቱት ሦስቱ ልጆች እስካሁን አንድም ቃል የላቸውም።