ካርቱም፡ አድራሻ ሲቀየር የኢሜይል ፊርማን እንዴት ማስተካከል ይቻላል?

በሱዳን ጦር ሠራዊት እና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም. ጦርነት ሲቀሰቀስ፣ መቀመጫቸው ካርቱም የነበረ በርካታ ተቋማት ሥራቸውን ወደ ፖርት ሱዳን እና ወደ ጎረቤት አገራት ከተሞች አዛወሩ። ከነዋሪዎቿም በሺዎች የሚቆጠሩት በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገቡ።

የቢሮ ስልክ እና የመንገድ አድራሻ በድንገት ከአገልግሎት ሲወጡ የኢሜይል አድራሻ ግን ከባለቤቱ ጋር ተጓዘ። በደብዳቤው ግርጌ በራሱ የሚወጣው ፊርማ ካልተስተካከለ፣ እርዳታ ወይም ማስረጃ ፈላጊውን የሚመራው ማንም ወደማያነሳው ስልክ ነው።

ሠራዊቱ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ከተማዋን መልሶ ከተቆጣጠረ በኋላ ወደ ካርቱም የሚመለሱ ተቋማትም አድራሻቸውን ዳግም መቀየር ይኖርባቸዋል።

የኤችቲኤምኤል ፊርማ ምንድን ነው?

ኤችቲኤምኤል ድረ ገጾች የሚዘጋጁበት የኮድ ቋንቋ ነው። በዚህ ቋንቋ የተዘጋጀ ፊርማ የፊደል መጠንን፣ ቀለምን እና ማስፈንጠሪያን ይይዛል፤ እንደ ተቋሙ ፍላጎትም ይቀረጻል።

ፊርማውን ለማዘጋጀት በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ የሚገኝ ተራ የጽሁፍ መጻፊያ ይበቃል። ኮዱ ከተጻፈ በኋላ ፋይሉ በኤችቲኤምኤል ቅጥያ ይቀመጣል። አማርኛ እና አረብኛ እንዳይበላሹም ሲቀመጥ 'ዩቲኤፍ-8' የተባለው አማራጭ መመረጥ አለበት። አረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚጻፍ የአረብኛው መስመር አቅጣጫ በኮዱ ውስጥ ለብቻው ይገለጻል።

አቀማመጡን በቀላል ሠንጠረዥ ማበጀት ይመረጣል። ነባሩ የዊንዶውስ አውትሉክ ደብዳቤዎችን የሚያሳየው በዎርድ ሥርዓት በመሆኑ የተወሳሰበ ንድፍ ሊዛባ ይችላል።

በየፕሮግራሙ እንዴት ይገባል?

ጂሜይል፦ የፊርማ ሳጥኑ ጥሬ ኮድን ወደ ንድፍ አይቀይርም። ስለዚህ ፋይሉን በኢንተርኔት ማሰሻ ከፍቶ፣ የሚታየውን ፊርማ ቀድቶ፣ በቅንብሮች ገጽ 'ጀነራል' በሚለው ክፍል ሥር ባለው የፊርማ ሳጥን ውስጥ መለጠፍ ያስፈልጋል። ከገጹ ግርጌ ያለው የማስቀመጫ ቁልፍ ካልተጫነ ለውጡ አይመዘገብም።

አውትሉክ፦ እንደ ጂሜይሉ ሁሉ ከማሰሻው ቀድቶ በፊርማ ማዘጋጃው ውስጥ መለጠፍ ይቻላል።

ተንደርበርድ፦ በአካውንት ቅንብሮች ውስጥ የኤችቲኤምኤል አማራጭ ላይ ምልክት ከተደረገ በኋላ ኮዱ ራሱ ይለጠፋል፤ አልያም ፊርማው ከተቀመጠው ፋይል እንዲነበብ ይደረጋል።

ምስል ይካተት?

በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ የሱዳን ዋና ዋና የስልክ ኔትወርኮች ተቋርጠው አብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ከኢንተርኔት ውጭ ሆኖ ነበር። በርካቶችም ስታርሊንክ ወዳለባቸው ቦታዎች እየሄዱ በሰዓት ከፍለው መልዕክት ይልኩ ነበር።

እንዲህ ባለ ሁኔታ ትልቅ አርማ ሸክም ነው። በደብዳቤው ውስጥ የተያያዘ ምስል በእያንዳንዱ ምላሽ አብሮ ሊመላለስ ይችላል፤ ከድረ ገጽ የሚጫን ምስል ደግሞ በብዙ የኢሜይል ፕሮግራሞች ተቀባዩ ካልፈቀደ አይታይም። ስለሆነም ስም፣ ኃላፊነት እና ስልክ ምንጊዜም በጽሁፍ እንጂ በምስል መቀመጥ የለባቸውም።

ጥንቃቄ

ስሙ ፊርማ ቢሆንም በወረቀት ላይ እንደሚያርፈው ፊርማ የላኪውን ማንነት አያረጋግጥም። ማንም ሰው ቀድቶ በራሱ ደብዳቤ ግርጌ ሊለጥፈው ይችላል። በተለይ ገንዘብ ወይም ፓስፖርት የሚጠይቅ ኢሜይል የደረሰው ሰው የላኪውን ሙሉ የኢሜይል አድራሻ ማጣራት፣ ቀድሞ በሚያውቀው ስልክም ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ደብዳቤ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚተላለፍም የመኖሪያ ቤት አድራሻን እና የግል ስልክን ከፊርማ ውስጥ ማስወጣት ተገቢ ነው።

በመጨረሻም ፊርማው ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ለራስ በመላክ በኮምፒውተር እና በስልክ መፈተሽ አለበት። ቢሮ በተዛወረ ቁጥርም አድራሻውን ማደስ ያሻል።