የፅንስ የነርቭ ሥርዓት አፈጣጠር እና ከእርግዝና በፊት የሚወሰድ ፎሊክ አሲድ

የሰው ልጅ የነርቭ ሥርዓት መሠረት የሚጣለው አብዛኞቹ እናቶች ማርገዛቸውን ከማወቃቸው በፊት ነው። ከፅንሰት በኋላ ባሉት 28 ቀናት ገደማ ጠፍጣፋ የነበረ የሕዋሳት ንጣፍ ተጠቅልሎ ይዘጋና የነርቭ ዘንግ ይሆናል። የዘንጉ የላይኛው ክፍል ወደ አንጎል፣ የታችኛው ወደ ሕብለ ሰረሰር ያድጋል።

የነርቭ ክሮች የሚዘረጉት ከዚህ በኋላ ነው። ክሮቹ መንገዳቸውን እንዴት እንደሚያገኙ በስፋት የታወቀው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ርዝመትና 302 የነርቭ ሕዋሳት ባሏት ሴኖራብዲቲስ ኤሌጋንስ በተባለች ትል ላይ በተደረገ ምርምር ነው። በትሏ ሆድ በኩል የሚመነጭ ፕሮቲን አንዳንዶቹን ክሮች ወደ ራሱ ይስባል፤ ሌሎቹን ደግሞ ያርቃል። ልዩነቱን የሚፈጥረው እያንዳንዱ ክር በጫፉ የያዘው መልእክት ተቀባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ተመሳሳይ ፕሮቲን በጫጩት ፅንስ ተገኝቶ ኔትሪን ተባለ፤ በሰውም ውስጥ ይገኛል።

እነዚህ ደረጃዎች በየተራቸው የሚከናወኑ ናቸው፤ ያለፈው አይመለስም። ዘንጉ ከታች ሳይዘጋ ከቀረ የሕብለ ሰረሰር ክፍተት (ስፓይና ቢፊዳ) ይከሰታል፤ ከላይ ካልተዘጋ ሕፃኑ በሕይወት አይቆይም። ለሕዋሳት መባዛት አስፈላጊ የሆነው ፎሊክ አሲድ ይህን አደጋ በእጅጉ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ የሆነ ጥናት እንዳመለከተው፣ ቀደም ሲል ችግሩ ባጋጠማቸው እናቶች ላይ የመደገሙ አደጋ በ72 በመቶ ቀንሷል።

ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድ እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደረጃ አጽድቃለች። ይሁን እንጂ በወልድያ ዙሪያ፣ በመርሳና በሀብሩ ወረዳ ቀበሌዎች ብዙ ቤተሰብ የሚመገበው በአካባቢው ወፍጮ ቤት የተፈጨ ጤፍና ማሽላ በመሆኑ የፋብሪካ ዱቄት ብቻውን በቂ መከላከያ አይሆንም። በእርግዝና ክትትል ወቅት የሚሰጠው የብረትና ፎሊክ አሲድ እንክብል ለእናቲቱ ጤና ጠቃሚ ቢሆንም፣ ከሁለተኛው ወር በኋላ ለሚጀመር ክትትል የዘንጉ መዘጊያ ጊዜ አልፏል።

ስለሆነም ለማርገዝ ያሰቡ ሴቶች ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጀምረው እስከ እርግዝናው 3ኛ ወር ድረስ በየቀኑ 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ እንዲወስዱ ይመከራል። ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራና ጎመን መመገብም ይጠቅማል፤ እንክብሉን ግን አይተካም። ከዚህ በፊት ችግሩ ያጋጠማቸው እናቶች ከፍ ያለ መጠን ስለሚያስፈልጋቸው፣ ከማርገዛቸው በፊት የጤና ባለሙያ ሊያማክሩ ይገባል። ባለትዳሮችም በአቅራቢያቸው በሚገኝ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ አብረው ቀርበው ምክር ቢያገኙ መልካም ነው።