ዕቃ ሳይዙ መሸጥ፦ ትርፉም ኪሳራውም የሻጩ

በኢንተርኔት አማካይነት የሚካሄደው ንግድ ከወለዳቸው አሠራሮች አንዱ ድሮፕሺፒንግ የተሰኘው ነው፡፡ ሻጩ ዕቃ በመጋዘን አያከማችም፤ ፎቶግራፉንና ዋጋውን በድረ ገጹ ላይ ያወጣል፡፡ ገዢው ከፍሎ ሲያዝ ሻጩ ትዕዛዙን ለአቅራቢው ያስተላልፋል፤ አቅራቢውም ዕቃውን በቀጥታ ወደ ገዢው ይልካል፡፡ በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት የሻጩ ድርሻ ነው፡፡

ይሁን እንጂ ልዩነቱ ሁሉ ትርፍ አይደለም፡፡ ለምሳሌ አቅራቢው ማጓጓዣውን ጨምሮ በ10 ዶላር የሚያስረክበው የጠረጴዛ መብራት በ25 ዶላር ተሸጠ እንበል፡፡ ለማስታወቂያ 9፣ ለካርድ ክፍያ አገልግሎት 1 ዶላር ቢወጣ የሚተርፈው 5 ዶላር ነው፡፡ መብራቱ ተሰብሮ ቢደርስና ሻጩ የገዢውን ገንዘብ ቢመልስ፣ አቅራቢው ካልካሰው በስተቀር ያወጣው 20 ዶላር ቀልጦ ይቀራል፡፡ ይህም የ4 ሽያጮች ትርፍ ማለት ነው፡፡ ገዢው የሚያውቀው ሻጩን እንጂ አቅራቢውን አይደለምና፡፡

ሌላው ሥጋት ቀረጥ ነው፡፡ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ እስከ 800 ዶላር የሚያወጡ ጥቅሎችን ያለ ቀረጥ ታስገባ ነበር፡፡ ይኸው መብት ከቻይናና ከሆንግ ኮንግ በሚላኩት ላይ ሜይ 2 ቀን 2025፣ በሌሎች አገሮች ላይ ደግሞ ኦገስት 29 ቀን 2025 እንዲቀር ተደርጓል፡፡ በ5 ዶላር ትርፍ ለሚሠራ ሻጭ ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም፡፡

በመሆኑም ጀማሪ ሻጭ ለማስታወቂያ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት አንድ ናሙና በራሱ አድራሻ አስልኮ ጥራቱንና የሚፈጅበትን ቀን ማየት፣ ቀረጡን በዋጋው ውስጥ ማስላት፣ ተበላሽቶ ስለሚደርስ ዕቃም ከአቅራቢው ጋር አስቀድሞ መዋዋል ይኖርበታል፡፡