በርሜል፣ እርሳስና አየር፦ ርቀት ለሚመታ የአየር ጠመንጃ ምርጫ

የአየር ጠመንጃ በባሩድ ፈንታ የታመቀ አየርን ወይም ጋዝን ጉልበት አድርጎ ጥይት የሚያስወነጭፍ መሣሪያ ሲሆን፣ ብዙ ሰው የልጆች መጫወቻ ወይም የወፍ ማባረሪያ አድርጎ ቢያየውም ታሪኩም ብቃቱም ከዚህ ግምት እጅግ የራቀ ነው። ጂራንዶኒ የተባለው ጠመንጃ ሠሪ የነደፈውና በሰደፉ ውስጥ የአየር ጋን የተሸከመው፣ ወደ 20 የሚጠጋ ጥይት አከታትሎ የሚተኩሰው መሣሪያ ከ1780ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በኦስትሪያ ጦር እጅ ነበረ፤ ከ1984ቱ የሎስ አንጀለስ ጨዋታዎች ወዲህ ደግሞ የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ተኩስ ከኦሊምፒክ ውድድሮች አንዱ ሆኗል። በዚህ ውድድር ሙሉ 10 ነጥብ የሚያስገኘው የዒላማው እምብርት ስፋቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ለ10 ሜትር የሚመረጠው ቀስ ያለ ጠመንጃና ጠፍጣፋ አፍንጫ ያለው ጥይት ከአዳራሹ ወጥቶ ሜዳ ላይ ሲሞከር ብዙም ሳይርቅ አቅጣጫውን ይስታል፤ ስለዚህ ለርቀት የሚሆነው መሣሪያ በሌላ መስፈርት መመረጥ አለበት።

እዚህ ላይ መካከለኛ ርቀት የሚባለው ከ25 እስከ 50 ሜትር፣ ረጅም የሚባለው ደግሞ ከ50 እስከ 100 ሜትር ያለው ነው። 5.5 ሚሊ ሜትር ስፋትና 1 ግራም ያህል ክብደት ያለው ጥይት ከአፈሙዙ በሰከንድ 270 ሜትር ፍጥነት ቢወጣ፣ 50 ሜትር እስኪደርስ ከበርሜሉ ቀጥተኛ መስመር 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ 100 ሜትር ሲደርስ ግን የወረደው 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በሰከንድ 3 ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስም በ50 ሜትር ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር፣ በ100 ሜትር ደግሞ ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ይገፋዋል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ስሕተቱ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ጥይቱ ሁልጊዜ በእኩል መጠን የሚወርድ ከሆነ ተኳሹ መነጽሩን አስተካክሎ ያካክሰዋል፤ ምንም ሊያደርገው የማይችለው አንዱ ተኩስ ከሌላው ሲለያይ ነው። የአንድ ጠመንጃ ጥይቶች ፍጥነት በሰከንድ በ10 ሜትር ያህል የሚለያይ ከሆነ፣ ተኳሹ ምንም ሳያጠፋ በ50 ሜትር ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል፣ በ100 ሜትር ላይ ደግሞ ስድስት ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍና ዝቅ ያለ ምልክት ያያል። በዚህ ምክንያት ከኃይልም ከፍጥነትም በፊት መጠየቅ ያለበት የመሣሪያው ወጥነት ነው።

ወጥነቱ በአብዛኛው የሚወሰነው ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ ነው። የሞላ ጠመንጃ በሚባለው ዓይነት፣ ተኳሹ በርሜሉን አጥፎ ወይም ከጎን ያለውን ዘንግ ስቦ ሞላውን ያጠብቃል፤ ቃታው ሲሳብ ሞላው ፒስተኑን ወደ ፊት ይወረውርና በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን አየር በቅጽበት ያምቀዋል። ፓምፕም ጋንም የማይፈልግ በመሆኑ አስተማማኝነቱ ትልቅ ነው፤ እንደ ጀርመኑ ቫይራውኽ ያሉ አምራቾች የሚሠሯቸው ባለ ቋሚ በርሜል ጠመንጃዎችም በ40 እና በ50 ሜትር ላይ የሚያስመሰግን ሥራ ይሠራሉ። ችግሩ ጥይቱ ገና በበርሜሉ ውስጥ እያለ ፒስተኑ መሣሪያውን መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ከዚያም ወደ ፊት የሚንጠው መሆኑ ነው። ተኳሹ ጠመንጃውን አጥብቆ በያዘ ቁጥር ንጠቱ ስለሚለዋወጥ፣ እጅን አላልቶና ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ አሳርፎ መያዝን መማር ግድ ይሆናል፤ ለዚህ ባለ ሁለት አቅጣጫ ንጠት ያልተሠራ መነጽርም ብዙ ሳይቆይ ይሰበራል። በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሠራው ሁለተኛው ዓይነት ለርቀት አይመከርም፤ የጋዙ ግፊት በሙቀት ስለሚወሰን፣ በ20 ዲግሪ 57 ባር ገደማ የነበረው በ10 ዲግሪ ወደ 45 ባር ይወርዳልና በደጋው ጠዋት የተስተካከለ ጠመንጃ እኩለ ቀን ላይ ሌላ ጠመንጃ ይሆናል።

ከ50 ሜትር በላይ ለሚያስብ ሰው የሚሻለው ሦስተኛው፣ ቀድሞ አየር የሚሞላው ጠመንጃ ነው። በዚህ ዓይነት 200 ወይም 300 ባር ግፊት ያለው አየር በበርሜሉ ሥር ባለ ጋን ውስጥ ይቀመጣል፤ ቃታው ሲሳብ አንድ ቫልቭ ለአፍታ ተከፍቶ ከዚያ ላይ ጥቂቱን ይለቃል፤ ንጠቱም እምብዛም አይሰማም። ሆኖም ጋኑ እየጎደለ ሲሄድ ግፊቱ ስለሚለዋወጥ የጥይቱም ፍጥነት አብሮ ይለዋወጣል። ይህን ለማረም የሚገጠመው ሬጉሌተር ከጋኑ የሚመጣውን ከፍተኛ ግፊት ዝቅ አድርጎ በአንድ መጠን ብቻ ወደ ቫልቩ የሚያሳልፍ ትንሽ ክፍል ሲሆን፣ የርቀት ተኳሽ ተጨማሪ ገንዘብ የሚያወጣበት ነገር ቢኖር ይህ መሆን አለበት። ጋኑ የሚሞላው በእጅ ፓምፕ፣ በኮምፕሬሰር ወይም በጠላቂዎች የአየር ጋን ነው፤ የሕክምና ወይም የብየዳ ኦክስጅን ግን ከቅባት ጋር ሲገናኝ ስለሚፈነዳ በምንም ምክንያት መሞላት የለበትም።

የአካባቢው አየር በምርጫው ውስጥ ያለው ድርሻ ከሚገባው በታች ይወራል። ባሕር ወለል ላይ የተለካ የፋብሪካ ቁጥር 2,355 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ አይሠራም፤ በዚያ ያለው አየር ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ የሞላ ጠመንጃ የሚያምቀው አየር ያንሰዋል፤ ኃይሉም ይቀንሳል፤ በአንጻሩ ጥይቱን የሚያዘገየው አየርም ስለሚሳሳ የጎን ነፋስ ተጽዕኖ ይቀንሳል። ቀድሞ አየር የሚሞላው ጠመንጃ ኃይሉ ብዙም አይነካም፤ በእጅ የሚሞላው ሰው ግን እያንዳንዱ ምት የሚይዘው አየር ትንሽ በመሆኑ ፓምፑን ብዙ ጊዜ መምታት ይኖርበታል። 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ካምፓላ ደግሞ የባሰው ጠላት እርጥበት ነው። በከተማዋ መሃል የኦዊኖ ገበያና ስታዲየሙ የሚገኙበት የናኪቩቦ ሸለቆ ቦዩን ተከትሎ ወደ ረግረጉና ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወርድ በመሆኑ፣ በዚያ ያለው አየር ብዙ ውሃ ይሸከማል፤ ይህ አየር ወደ 200 ባር ሲታመቅ እንፋሎቱ ወደ ውሃ ተለውጦ በጋኑ ውስጥ ይቀርና ብረቱን ያዝገዋል፣ የቫልቩንና የሬጉሌተሩን መቀመጫ ያበላሻል። በካምፓላ ለሚኖር ገዥ እርጥበት የሚመጥ ማጣሪያ ያለው ፓምፕ የመሣሪያው አንድ አካል ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የበርሜሉና የጥይቱ ስምምነት ነው። በተለምዶ እርሳስ የሚባለው ጥይት ወገቡ የቀጠነ፣ ኋላው እንደ ቀሚስ የተከፈተ ነው፤ አየሩ ከኋላ ሲገፋው ስሱ ቀሚስ ይከፈትና በበርሜሉ ውስጥ የተቀረጹትን ጠመዝማዛ ቦዮች ይነክሳል፤ ከዚያም እየተሽከረከረ ይወጣል። የሁለት በርሜሎች ውስጣዊ ስፋት በሚሊ ሜትር መቶኛ ቢለያይ እንኳ አንዱ የሚወደውን እርሳስ ሌላው ላይወደው ስለሚችል፣ ምርጡ እርሳስ የሚታወቀው በሙከራ ብቻ ነው። በቆርቆሮው ውስጥ ሲንከባለል ቀሚሱ የተጨፈለቀ እርሳስ አንድ ወገኑ አየር ስለሚያሾልክ በ10 ሜትር ላይ ያልታየው ጉድለት በ60 ሜትር ላይ በግልጽ ይታያል። የአፈሙዙ ጠርዝም እንዲሁ በጥንቃቄ መመርመር አለበት፤ ጥይቱን የሚሰናበተው እርሱ በመሆኑ ጥቂት ሻካራ ነገር ካለበት ጥይቱን ወደ አንድ ወገን ያጋድለዋል። መሣሪያው ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ የጥጥ ጫፍ በጠርዙ ዙሪያ ቢዞርና ክሩ የሚያዝበት ቦታ ቢገኝ ሻካራው እዚያ ነው።

የሽያጭ ካርቶኖች በትልቁ የሚጽፉት ፍጥነት ግን ገዥውን ያሳስታል። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሚለካው በጣም በቀለለ ጥይት ሲሆን፣ በሰከንድ 340 ሜትር ወደሚሆነው የድምፅ ፍጥነት የተጠጋ ወገበ ቀጭን እርሳስ ደግሞ ይናወጣል፤ ከ240 እስከ 285 ሜትር ባለው ፍጥነት የሚጓዝ ከበድ ያለ እርሳስ በርቀት ላይ የተሻለ ነው። 4.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው እስከ 50 ሜትር ድረስ በዝቅተኛ ኃይል ቀጥ ብሎ ሲሄድ፣ 5.5 እና 6.35 ሚሊ ሜትር የሆኑት ከዚያ በላይ ለሚሄድና ነፋስ ለሚያስጨንቀው ይመቻሉ። መነጽሩ ደግሞ ቅርብንም ሩቅንም አጥርቶ የሚያስተካክል ቢሆን ይመረጣል፤ ለረጅም ርቀት ብቻ የተስተካከለው መነጽር ዓይን ትንሽ ስትዘዋወር የመስቀሉን ቦታ ዒላማው ላይ ያንሸራትተዋል።

ከመግዛት በፊት ማየት የሚያስፈልገው በ50 ሜትር ላይ በአንድ ነጥብ የተተኮሱ የ10 ጥይቶች ምልክት ነው፤ ሦስት ወይም አምስት ጥይት በዕድል ሊገጣጠም ይችላል፣ አሥር ግን እምብዛም።

ሕጉም አስቀድሞ መታየት አለበት። በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012፣ በኡጋንዳም በ1970 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የጦር መሣሪያ ሕግ ስላሉ፣ ዕቃው ከመታዘዙ በፊት ፈቃድ ሰጪውን የፖሊስ ክፍል መጠየቅ ያስፈልጋል። የእንግሊዝ ሕግ ያለ ፈቃድ የሚያስይዘው 16 ጁል ገደማ ኃይል ያለው ጠመንጃ እንኳ ጥይቱን ከ300 ሜትር በላይ ሊወረውር ስለሚችል፣ እንደ ናኪቩቦ ባለ ሰው በሰው ላይ በሚተላለፍበት ቦታ መተኮስ የማይታሰብ ነው፤ የሚተኮሰው ወፍራም የአፈር ግድግዳ ወይም አሸዋ የሞላ ሣጥን ከዒላማው ጀርባ ባለበት የተከለለ ስፍራ ነው። ሣጥኑ ሌላም ጥቅም አለው፤ መሬት ላይ የቀረ እርሳስ መርዛማ ብረት ነውና፣ ከናኪቩቦ ቦይ በቪክቶሪያ ሐይቅ ወዳለው ውስጠኛው መርቺሰን ባሕረ ሰላጤ የሚወርደው ጎርፍ ካምፓላ የምትጠጣውን ውሃ የምትቀዳበት ስፍራ ስለሚደርስ፣ የተተኮሰው እርሳስ ከሣጥኑ ተለቅሞ ለብረት አቅላጮች መሰጠት ይኖርበታል።