ለካዮቲ አደን ርካሽ ጠመንጃ መምረጥ

ካዮቲን አዳኙ አይከተለውም፤ ይጠራዋል። ጠመንጃ ሻጭ ደፍሮ የማይነግርዎ፣ ኪስዎን ግን ከሁሉ በላይ የሚያድነው እውቀት ይኸው ነው። አሜሪካዊው አዳኝ ጎህ ሲቀድ ቁጥቋጦ ተጠግቶ፣ ነፋሱን በፊቱ አድርጎ ይቀመጥና በአፍ በሚነፋ መጥሪያ ወይም በድምፅ ማጫወቻ የቆሰለች ጥንቸል ጩኸት ያሰማል። ካዮቲው የራበው እንደሆነ በሩጫ ይመጣል፤ የጠረጠረ እንደሆነ ደግሞ ዞሮ ነፋሱ የአዳኙን ሽታ ከሚያመጣለት በኩል ብቅ ይላል። አብዛኛው ተኩስ ከ150 ሜትር ወዲህ የሚያልቀው ለዚህ ነው። ኪሎ ሜትር ተሻግረው ይመታሉ እየተባለ የሚወራላቸው፣ በሺዎች ዶላር የሚሸጡ ጠመንጃዎች ለሌላ ሥራ የተሠሩ ናቸው።

እንስሳው ራሱም ትንሽ ነው። ከቀበሮ ከፍ፣ ከተኩላ ዝቅ ያለ የውሻ ዘመድ ሲሆን በምዕራብ አሜሪካ በአብዛኛው ከ9 እስከ 16 ኪሎ ይመዝናል፤ የምሥራቁ ይከብዳል። ሰው ተኩላን ከአብዛኛው አገር ካጠፋ ወዲህ ቦታውን ወርሶ ዛሬ ከአላስካ እስከ ፓናማ ይገኛል፤ ቺካጎ ከተማ መሀል ሳይቀር። የሚያገዝፈው ጸጉሩ ነው እንጂ ልብና ሳንባው ያለበት ቦታ ከጎልማሳ መዳፍ እምብዛም አይበልጥም። ስለዚህ የሚፈለገው ኃይለኛ ሳይሆን ያነጣጠሩበትን የሚመታ ጠመንጃ ነው።

ጠመንጃ አንዴ ይገዛል፤ ጥይት ግን ሁልጊዜ። ርካሽ የሚባለውን ከውዱ የሚለየውም የዕቃው ዋጋ ሳይሆን የሚጎርሰው ጥይት ነው። በእኔ ግምት ለጀማሪ ከ.223 ሬሚንግተን የሚሻል የለም። እ.ኤ.አ. በ1964 ለገበያ የቀረበው ይህ ጥይት የአሜሪካ ጦር ለዓመታት ከያዘው ከኤም-16 ጠመንጃ ጥይት ጋር መንታ ስለሆነ ፋብሪካዎች በገፍ ያመርቱታል፤ ጥይት በሚሸጥበት ሱቅ አይታጣም። 3.6 ግራም ገደማ የሚመዝነው እርሳስ ከአፈሙዝ ሲወጣ በሴኮንድ 980 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ እስከ 250 ሜትር ለካዮቲ ከበቂ በላይ ነው። ርግጫው ቀላል በመሆኑም ጀማሪው ምላጭ ሲስብ ዓይኑን አይጨፍንም።

.22-250 ሬሚንግተን ይበልጥ ይፈጥናል፤ በሴኮንድ ከ1,100 ሜትር ያልፋል። ሜዳው ገላጣ በሆነበት በዋዮሚንግና በሞንታና የሚወዱት ብዙ ናቸው። ነገር ግን ጥይቱ ይወደዳል፤ አፈሙዙንም ቶሎ ይበላል። ሁለት ጠመንጃ መግዛት ለማይችልና አጋዘንም ማደን ለሚፈልግ ሰው ደግሞ .243 ዊንቸስተር ይሻለዋል፤ ምክንያቱም አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች እንደ .223 ባለ የ.22 ስፋት ጥይት አጋዘን መምታትን ይከለክላሉ። ትንሿ .22 ኤልአር ርካሽ ናት ተብሎ ለካዮቲ መያዝ ግን እንስሳውን አቁስሎ ለሥቃይ መልቀቅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። 5.56 ናቶ የሚባለው የጦር ጥይት ከ.223 ጋር በዓይን አይለይም፤ ግፊቱ ግን ይበልጣል። አፈሙዙ ላይ .223 ብቻ የተጻፈበትን ጠመንጃ 5.56 አያጉርሱት። 5.56 የተጻፈበት ግን .223ን ያለ ችግር ይተኩሳል።

ወደ ጠመንጃው እንምጣ። በእጅ ተጎትቶ የሚጎርሰው ዓይነት፣ አያቶቻችን በምንሽር የሚያውቁት አሠራር፣ እስከ ዛሬ ከሁሉ ርካሹና አስተማማኙ ነው። ሳቬጅ አክሲስ፣ ሩገር አሜሪካን እና ሞስበርግ ፓትሪዮት በዚህ ተርታ ይመደባሉ። ዋጋው በየሱቁ ቢለያይም ከ400 እስከ 600 ዶላር ይዞ የወጣ ሰው ከነዚህ አንዱን አያጣም። ርካሽ የሆኑት ሰደፋቸው ፕላስቲክ፣ ሲጎተቱም ሸካራ በመሆናቸው ነው፤ አፈሙዛቸው ግን የዋዛ አይደለም። ብዙዎቹ በ100 ሜትር ላይ ሦስት ጥይት ከ3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ክብ ውስጥ ያሳርፋሉ። እንደ ኤአር-15 በራሳቸው የሚጎርሱት ሁለተኛ ካዮቲ ሲከተል ይጠቅማሉ፤ ሆኖም በዋጋም ይበልጣሉ፣ በአንዳንድ ክፍለ ግዛቶችም ክልከላ አለባቸው።

ሱቅ ውስጥ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጠው፣ ሻጩን አስፈቅደው ምላጩን ይሳቡት። እየተንቀጫቀጨና እየከበደ የሚመጣ ምላጭ ዒላማ ያስታል። ቀጥሎ አፈሙዙ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ያንብቡ። 1 በ8 ማለት ጥይቱ በየ8 ኢንቹ አንድ ጊዜ ይሽከረከራል ማለት ነው። ይህ ለካሊፎርኒያ ነዋሪ ቁም ነገር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2019 ጀምሮ በዚያ ክፍለ ግዛት በእርሳስ ጥይት ማደን ክልክል ነው። የመዳብ ጥይት ደግሞ በተመሳሳይ ክብደት ከእርሳሱ ስለሚረዝም ፈጠን ያለ ሽክርክሪት ይወዳል። የ.223ው አፈሙዝ 1 በ8 ወይም 1 በ9 ከሆነ ይግዙት፤ 1 በ12 ከሆነ ሌላ ይመልከቱ።

የተረፈውን ገንዘብ ማነጣጠሪያ መነጽር ላይ ያውሉት። ከጠመንጃው ጋር ተገጥሞ የሚሸጠው መነጽር ብዙ ጊዜ ደካማው ክፍል ነው። ከ3 እስከ 9 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት መስተዋቱ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ ይበቃል፤ ሲጠብቁም በ3 ወይም በ4 ላይ ያቆዩት። ካዮቲ 30 ሜትር ላይ ድንገት ሲከሰት በ9 የሚመለከት ሰው ከጸጉር በቀር የሚያየው የለም። ለልምምድ ለሚሆን ጥቂት ካርቶን ጥይት፣ ለጆሮ መከላከያና ለጠመንጃ መደገፊያ ሹካም በጀት ይያዙ።

የቆዳው ገበያ ወጪዬን ይመልስልኛል ብለው አይቁጠሩ። ካናዳ ጉስ የተባለው የካፖርት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 ጸጉር መግዛት እንደሚያቆም ካስታወቀ ወዲህ የካዮቲ ቆዳ አንድ ትልቅ ደንበኛውን አጥቷል። አደኑ ራሱም ክርክር አያጣም። ለሽልማት ካዮቲ የመግደል ውድድርን እ.ኤ.አ. በ2014 ካሊፎርኒያ ከልክላለች፤ ሌሎችም ተከትለዋታል።

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሕጉን በተለይ ይወቁት። ፈቃድ ካለው ነጋዴ ጠመንጃ የሚገዛ ሰው በፌዴራል ሕግ 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ዕድሜውን ከፍ ያደረጉ ክፍለ ግዛቶችም አሉ። 4473 የተባለውን ቅጽ ይሞላል፤ የኋላ ታሪኩም ይጣራል። ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል። በተማሪ ወይም በጉብኝት ቪዛ ያለ ሰው ግን በመደበኛው ክልክል ሆኖ፣ ልዩ ከሚያደርጉት ሁኔታዎች አንዱ ያልተቃጠለ የአደን ፈቃድ መያዝ ነው። ቅጹ «ትክክለኛው ገዢ አንተ ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። መግዛት የማይፈቀድለት ዘመድ ገንዘብ ሰጥቶ «በስምህ ግዛልኝ» ቢል፣ እሺ ያለው ሰው እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ሕግ እስከ 15 ዓመት ሊታሰር ይችላል።