አጥንት አያሰጥምም

ክረምት ገብቶ ደራሽ ውሃ ሰው በወሰደ ቁጥር ከመርዶው ጋር አንድ አጉል ወሬ አብሮ ይናፈሳል። «እኛ እኮ አጥንታችን ከባድ ነው። ሐበሻ ለሩጫ እንጂ ለዋና አልተፈጠረም።» ለቅሶ ቤት ሲወራ ሰምቼ ዝም ብያለሁ፤ ለቅሶ ቤት አይከራከሩም። አሁን አሁን ግን ወሬው ነጭ ጋዋን ደርቦ፣ «ጥናት እንዳረጋገጠው» እያለ በየቲክቶኩ መምጣት ጀምሯልና ዝምታው ይብቃ። ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ዋና መማር የሚችል የአርባ ዓመት ሰው «ተፈጥሮዬ ነው» ብሎ ይቀራል፤ ልጁንም ያስቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ብቻ 300 ሺህ ያህል ሰዎች ሰጥመው እንደሞቱ ገምቷል፤ ከ90 በመቶ የሚበልጡት የሞቱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ደግሞ ወሬው የራሳችን እንኳ አይደለም፤ ከውጭ የመጣ ነው። በ1987 የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ የቤዝቦል ቡድን ኃላፊ የነበረው አል ካምፓኒስ፣ ጥቁሮች ጥሩ ዋናተኛ የማይሆኑት ስለማይንሳፈፉ ነው ብሎ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ተናገረ። ሥራውን ያጣው በቀናት ውስጥ ነው። በዓመቱ በሴኡል ኦሎምፒክ ጥቁሩ የሱሪናም ዋናተኛ አንቶኒ ኔስቲ በ100 ሜትር ቢራቢሮ አሜሪካዊውን ማት ቢዮንዲን በአንድ መቶኛ ሰከንድ ቀድሞ ወርቅ ወሰደ። በ2016 ሪዮ ላይ የኛው ተወካይ 100 ሜትሩን ከሁሉም ኋላ ሲጨርስ አገር ምድሩ ሳቀበት፤ የአጥንት ሊቃውንትም በየቡና ቤቱ በቀሉ። በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ገንዳ፣ በዚያው ርቀት የሴቶቹን ወርቅ ከካናዳዊቷ ፔኒ ኦሌክሲያክ ጋር እኩል ገብታ የወሰደችው ጥቁር አሜሪካዊቷ ሲሞን ማኑኤል መሆኗን ግን ያነሳ ሰው አልሰማሁም።

ሜዳሊያ ብቻውን አያሳምን ይሆናል፤ ወደ ሒሳቡ እንግባ። የአርኪሜዲስን ሕግ ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ ውሃ የገባበትን ነገር የሚገፋው ያ ነገር የያዘበትን ቦታ በሚሞላ ውሃ ክብደት ልክ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን፣ ወፍራምም ቀጭንም ያልሆነ ሰው እንውሰድ። የሳምባውን አየር ለጊዜው እንርሳውና፣ ሥጋው፣ አጥንቱ፣ ደሙና ስቡ ተደምረው 66 ሊትር ገደማ ቦታ ይይዛሉ። 66 ሊትር ውሃ ደግሞ 66 ኪሎ ነው። ስለዚህ ውሃው የሚሸከምለት 66 ኪሎውን ብቻ ነው፤ የቀረው 4 ኪሎ ወደ ታች ይስበዋል። አየር የሌለው ሰው፣ ኖርዌያዊም ይሁን ጎንደሬ፣ ይሰጥማል።

አሁን አየሩን እንመልስለት። አንድ ጎልማሳ ወንድ አቅሙ የቻለውን ያህል ሲተነፍስ ሳምባው 6 ሊትር ገደማ ይይዛል። አየር ክብደቱ ከቁጥር አይገባም፤ ቦታ ግን ይይዛል። 66 ሲደመር 6፣ 72 ሊትር። ሰውየው አሁን ውሃው ከሚችለው በ2 ኪሎ ያንሳል፤ ስለዚህ ይንሳፈፋል። ያለ የሌለ አየሩን አስወጥቶ ሲጨርስ ደግሞ ሳምባው ውስጥ የማይወጣ 1.2 ሊትር ያህል ይቀራል። ያኔ ድምሩ 67.2 ይሆንና ሰውየው በ2.8 ኪሎ ይሰጥማል። ደረቱ ላይ ባዶ ጀሪካን እንደታሰረለት ሰው ቁጠሩት፤ ልዩነቱ ጀሪካኑ በየትንፋሹ የሚነፋና የሚሟሽሽ መሆኑ ነው። ያው ሰው፣ ያው አጥንት፣ በአንድ ትንፋሽ ልዩነት ይንሳፈፋል ወይም ይሰጥማል።

አጥንት እዚህ ሒሳብ ውስጥ ምን ያህል ድርሻ አለው? የሰውነታችን 15 በመቶ ገደማ ነው፤ በ70 ኪሎው ሰው 10 ኪሎ ያህል። ለክርክሩ ያህል ወሬኞቹን እንመናቸውና የአንዱ ሕዝብ አጥንት መጠኑ ሳይጨምር ክብደቱ በ10 በመቶ ይብለጥ እንበል። ይህ ትልቅ ግምት ነው። ሆኖም ተጨማሪው ክብደት 1 ኪሎ ብቻ ነው፤ እሱን የሚያካክሰው 1 ሊትር አየር ነው። በጥልቅ ስንተነፍስ ከተለመደው ትንፋሽ በላይ የምናስገባው አየር የዚህ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። የሚሊዮኖችን አለመዋኘት በአንድ ሊትር አየር ልታስረዱ ነው?

እዚህ ላይ የራሴን ሙያ ጓዳ ልክፈት። እኔ የማስተምረው ፊዚዮሎጂ ነው፤ አጉል ወሬውን የሚነዙት ሰዎች የሚጠቅሱት ጥናት ፈጽሞ የለም ብል እዋሻለሁ። በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች የጥቁር አሜሪካውያን የአጥንት ማዕድን ይዘት በአማካይ ከነጮቹ ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። ሰውን ውሃ ውስጥ መዝኖ የስቡን መጠን የሚያሰላ ቀመርም አለን፤ ቀመሩ ስብ ያልሆነው የሰውነት ክፍል አንዱ ሊትር በሁሉም ሰው እኩል ክብደት እንዳለው ይገምታል፤ ይህ ግምት ለጥቁሮች ይሠራል ወይስ ይስተካከል በሚለው የሙያ ባልደረቦቼ ሲጨቃጨቁ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። ነገር ግን አንደኛ፣ የተለኩት በአመዛኙ አሜሪካውያን ናቸው፤ በገጠር ጋምቢያ ሴቶች ላይ የተደረጉ የአጥንት ልኬቶች ከእንግሊዝ ሴቶች ብልጫ አላሳዩም። ሁለተኛ፣ አማካይ ማለት እያንዳንዱ ሰው ማለት አይደለም፤ በአንድ ሕዝብ ውስጥ ባሉ ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት በሁለት ሕዝቦች አማካይ መካከል ካለው ይሰፋል። ሦስተኛ፣ ክርክሩ የሚካሄደው የስብ መጠንን ያለ ስሕተት ለማስላት ነው፤ ማን ይንሳፈፋል ለማለት አይደለም። ክርክራችንን ከመሐል ቆርጠው ቲክቶክ ላይ ያወጡት ሰዎች ይህን አልነገሯችሁም።

አንድ እውነት ግን አለ፤ የሚከብዳቸው ሰዎች አሉ። ስብ የሌለው፣ እግሩ ጡንቻ ብቻ የሆነ ሯጭ ሳምባውን ሞልቶ እንኳ ተንሳፈፈ የሚባለው ለጥቂት ነው። ሴቶች በአብዛኛው ከወንዶች ይቀላቸዋል፤ ዳሌና ጭን ላይ ያለው ስብ እግራቸውን ያነሳላቸዋል። ጨው ሲኖርም ነገሩ ይለወጣል። የባህር ውሃ ለዚያው 70 ኪሎ ሰው 1.8 ኪሎ ያህል ተጨማሪ ድጋፍ ይሰጠዋል፤ ዱባይ ወይም ጂቡቲ ባህር ላይ በቀላሉ ተንሳፍፎ አገሩ ሲመለስ ባቦጋያ ሐይቅ ላይ የደነገጠ ሰው ያጣው እሱን ነው። በሙት ባህርማ አየር ባይኖርም ሰውነት ወደ ታች አይወርድም፤ እዚያ ተንሳፍፎ ጋዜጣ ሲያነብ ፎቶ የተነሳ ዘመድ እስራኤል ያለው ሁሉ ያውቃል። የአዲስ አበባ ከፍታስ? ውሃውን አያቀለውም፣ ሳምባንም አያጠበውም። የአየሩ ግፊት ከባህር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ቶሎ ያስተነፍሳል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የለውም።

እንግዲህ ታዲያ ጎልማሳው ለምን ይሰጥማል? ቅዳሜ ጠዋት ወደ አንዱ የሆቴል ገንዳ ጎራ ብላችሁ ጥልቀት የሌለውን ጥግ ተመልከቱ። አርባዎቹን ያጋመሱ ሴት ቆባቸውን ቅንድባቸው ድረስ ስበው በጀርባቸው ለመንሳፈፍ ይሞክራሉ። አንድ እጃቸው የገንዳውን ጠርዝ ጨብጧል። ልጃቸው የሚሆን አሠልጣኝ መዳፉን ከጀርባቸው ሥር ይዞ፣ «እትዬ፣ ሰማዩን ይዩ። ጆሮዎን ውሃው ውስጥ ይተዉት» ይላል። «ውሃ ገባኝ እኮ!» «ይግባ፣ ይወጣል።» ሁለት ሦስት ሰከንድ ይንሳፈፋሉ። ከዚያ እግራቸው የት እንደደረሰ ለማየት አንገታቸውን ቀና ያደርጋሉ። ወዲያው ዳሌያቸው ይወርዳል፣ እግራቸው ይከተላል፣ «ሰጠምኩ!» ብለው ልጁ አንገት ላይ ይጠመጠማሉ። ቆመው ሲያዩት ውሃው ደረታቸው ድረስ ነው።

በዚያች ቅጽበት የሆነው ይህ ነው። የሰው ጭንቅላት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። ሳምባው የሞላ ሰው ያለው ትርፍ ግን ቅድም እንዳሰላነው 2 ኪሎ ገደማ ነው። በዚያች 2 ኪሎ ከውሃው በላይ ሊቆይ የሚችለው ፊት ብቻ ነው፤ አፍና አፍንጫ ከወጡ ደግሞ ሌላ ምን ያስፈልጋል? ጭንቅላቱን በሙሉ ላውጣ ያለ ሰው ከትርፉ በላይ አወጣና ሌላው አካሉ ይወርዳል። በዚያ ላይ ውሃው ወደ ላይ የሚገፋው በዋናነት አየር ያለበትን ደረት ሲሆን፣ የሰውነት ክብደት ሚዛን ያለው ግን ዝቅ ብሎ እምብርት አካባቢ ነው። ሁለቱ ነጥቦች አይገጥሙም፤ ስለዚህ ደረት ይነሳል፣ እግር ይወርዳል። ይህን በአንገት ማስተካከል አይቻልም። በእጅ ግን ይቻላል። ሁለት እጅ ከሰውነት ክብደት አንድ አሥረኛውን ያህላል፤ ከጭንቅላት በላይ ሲዘረጋ የክብደቱን ሚዛን ወደ ደረት ይስበውና እግር በራሱ ቀስ ብሎ ይነሳል። ጉልበትን ማጠፍም ያግዛል። ለጀማሪ ከዚህ የሚያስደንቀው ነገር የለም፤ ምንም ሳይሠራ እግሩ ከታች ተነስቶ ሲመጣ ያያል።

ጨካኙ ነገር ፍርሃት ሥራውን የሚሠራው በተቃራኒው መሆኑ ነው። የፈራ ሰው አንገቱን ያወጣል፣ እጁን ወደ ታች ይጫናል፣ አጭር አጭር ትንፋሽ እየወሰደ ጀሪካኑን ያጎድላል። በፊዚክስ ሰምጦ ሲያበቃ ጥፋቱን በአጥንቱ ያሳብባል።

ትንፋሽ ላይ ሌላም ጣጣ አለ። ለመንሳፈፍ ሳምባን ሙሉ አልን፤ ወደ ፊት ለመዋኘት ግን ፊት ውሃ ውስጥ እያለ ማስወጣት ግድ ነው። ተማሪው ሁለቱን ያደባልቅና አየሩን አፍኖ ይዞ ይሄዳል፤ ከአሥር ሜትር በኋላ ይታፈናል። የሚያፍነው የኦክስጅን ማለቅ ነው ብሎ ያስባል። አይደለም፤ ደሙ ውስጥ የተጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው «ተንፍስ» እያለ አንጎሉን የሚጮህበት። በአፍንጫ ቀስ እያሉ ማስወጣት ጩኸቱን ያበርደዋል፤ አንገትን ወደ ጎን አዙሮ ለመሳብም ጊዜ ይሰጣል። ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ገዳይ ጨዋታ ስላለ ላስጠንቅቅ፤ ውሃ ውስጥ ረጅም ለመቆየት ብሎ አስቀድሞ ደጋግሞ በኃይል መተንፈስ። ይህ የሚቀንሰው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ነው፣ ኦክስጅኑን እምብዛም አይጨምርም። የማስጠንቀቂያው ደወል ሳይደወል ኦክስጅን ያልቅና ሰው ውሃ ውስጥ ራሱን ይስታል። ጎበዝ ዋናተኞችም ሞተውበታል።

ዕድሜን በተመለከተ ብዙ አልልም። ዋና ከልጅነት ካለፈ የማይያዝ ነገር አይደለም። ኤሪክ ሙሳምባኒ የተባለው የኢኳቶሪያል ጊኒ ሰው ዋና የጀመረው በሃያዎቹ ውስጥ፣ ከ2000ው የሲድኒ ኦሎምፒክ ወራት ብቻ ሲቀሩት ነው። የሚለማመደው በአንዲት ትንሽ የሆቴል ገንዳ ውስጥ ነበር። ሲድኒ ላይ 100 ሜትሩን በ1 ደቂቃ ከ52.72 ሰከንድ ሲጨርስ ዓለም ሊሰጥም ነው ብሎ ተጨነቀለት። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሰዓቱን ከ57 ሰከንድ በታች አወረደው፤ ኋላም የአገሩ አሠልጣኝ ሆነ።

ስለዚህ ለመማር ያሰባችሁ፣ ገንዳ ፈልጉ፤ ነፍስ አድን ያለበት፣ ቆማችሁ ደረታችሁ የሚደርስ። ሐይቅና ወንዝ የመማሪያ ቦታ አይደሉም፤ የቢሾፍቱ ሐይቆች ከዳር ትንሽ ራቅ ሲሉ ወዲያው ይጠልቃሉ፣ ጣናና ሐዋሳ ላይ ቢልሃርዚያም አለ። አሠልጣኙ መጀመሪያ መንሳፈፍ ሳያስተምር እጅና እግር ማወራጨት ካስጀመራችሁ ሌላ አሠልጣኝ ፈልጉ። ልጆቻችሁ ውሃ ዳር ሲጫወቱም ጆሯችሁን አትመኑ። የሚሰጥም ሰው አፉ ከውሃው ብቅ የሚለው ለቅጽበት ነው፤ ያቺም ለመተንፈስ እንጂ ለመጮህ አትበቃውም። ዓይናችሁን ከነሱ ላይ አትንቀሉ።