ከኤሊ ጋር የተሻገረው መዥገር

የኤሊ መዥገር በአፍሪካ ኤሊዎች ገላ ላይ ተጣብቆ ደም የሚመጥ ጥገኛ ነው። አምብሊዮማ ማርሞሪየም እና አምብሊዮማ ስፓርሰም የተባሉት ዝርያዎች የኢትዮጵያን ከብቶች ከሚያሠቃየው ከአምብሊዮማ ቫሪየጌተም ጋር የአንድ ወገን ናቸው። ኤሊዋ የለበሰችውን ድንጋይ ትተው በእግሮቿ ብብትና በጅራቷ ሥር ባለው ለስላሳ ቆዳ ይሸሸጋሉ።

መዥገሩ ሲፈለፈል ስድስት እግር ያለው እጭ ነው። ደም ጠጥቶ ይወርዳል፣ ቆዳውን ይጥላል፣ ስምንት እግር አውጥቶ ሌላ እንስሳ ይጠብቃል፤ ዳግመኛ ጠግቦ ሲወርድ ጎልማሳ ይሆናል። ጎልማሳው ከሁሉም በላይ ኤሊን ይመርጣል። ታዳጊዎቹ ግን ወፍም፣ ፍየልም፣ ከብትም አይንቁም። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሃርትዎተር የተባለውን የከብት፣ የበግና የፍየል በሽታ የሚያስተላልፉት የአምብሊዮማ ወገን መዥገሮች ናቸው። ኤርሊኪያ ሩሚናንቲየም የተባለው ባክቴሪያ የደም ሥሮችን ግድግዳ ስለሚጎዳ ፈሳሽ እየሾለከ በሳንባና ልብን በሚሸፍነው ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል። በሽታውን የማያውቅ መንጋ ላይ ከወደቀ እልቂቱ ከባድ ነው፤ የአሜሪካ ነጭ ጅራት አጋዘንም አይቋቋመውም። ቫሪየጌተም ቀደም ሲል በመርከብ ከተጫኑ የምዕራብ አፍሪካ ከብቶች ጋር ወደ ካሪቢያን ተሻግሯል፤ ሃርትዎተርም በጓድሉፕና በአንቲጓ ደሴቶች ሰፍሯል። አሜሪካ ከውጭ በሚገባ ከብት ላይ የምታደርገው ምርመራና ኳራንቲን ጥብቅ ነበር። ለቤት ጌጥ የሚገዛ ኤሊ ግን የሚገባው በዚያ በር አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1997 ማርሞሪየም በፍሎሪዳ በአንድ የተሳቢ እንስሳት ማርቢያ ውስጥ ተራብቶ ተገኘ። ከሁለት ዓመት በኋላ የባሰው መጣ፤ ከዛምቢያ በገቡ ነብርማ ኤሊዎች ላይ የተለቀሙ የስፓርሰም መዥገሮች የሃርትዎተርን ባክቴሪያ ተሸክመው ነበር። (ነብርማ ኤሊ በኢትዮጵያም ቆላማ ስፍራዎች ትኖራለች።) በማርች 2000 የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ይህችን ጨምሮ ሦስት የአፍሪካ ኤሊ ዝርያዎች ወደ አገሪቱ እንዳይገቡ ከለከለ።

የገባውን ማጽዳት ሌላ ራስ ምታት ነበር። ለከብት የተለመደው አይቨርመክቲን ኤሊን ይገድላል። ስለዚህ ተሳቢዎችን የማይጎዳ የፐርሜትሪን ዝግጅት ተፈልጎ በእንስሳቱም በማደሪያቸውም ላይ ተሞከረ።

ክልከላው ዘንዶን አልነካም። ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን በብዛት የሚላከውና ሲፈራ እንደ ኳስ የሚጠቀለለው ትንሹ ዘንዶ አምብሊዮማ ላተም የሚባል የራሱ መዥገር አለው። የሚሸሸገውም በቅርፊቶቹ መካከል ስለሆነ ፈታሽ ዓይን በቀላሉ ያልፈዋል።